የፈተናውን ቅርጽ ማስተማርም አማና ነው



መስከረም ላይ የ12ኛ ክፍል ውጤት በተለቀቀ ሰሞን ቤተሰብ ልጠይቅ ከኮምቦልቻ ወጣ ብዬ ነበር። የአክስቴ ልጅ ከ600 ያመጣችው 291 ነው። ማለፊያው 300 ነው። የጎደላት ዘጠኝ ነጥብ ብቻ ነበር።

ሰላምታ ሳንጨርስ፣ «ወንድም ጋሼ፣ እንግሊዝኛው ላይ ሁለት ምንባብ ሳልደርስበት ሰዓቱ አለቀብኝ» አለችኝ። ስንት ጥያቄ እንደሚሆን ጠየቅኳት።

«ሃያ ገደማ።»

«አጠቆርሽው?»

«አላጠቆርኩትም። ሳላነበው መልስ መስጠት ውሸት መሰለኝ።»

ምን እንደምላት ጠፋኝ። ይህቺ ልጅ ኬሚስትሪ የምታስረዳ፣ ሰፈር ውስጥ ታናናሾቿን የምታስጠና ልጅ ናት። በፈተናው ለተሳሳተ መልስ የሚቀነስ ነጥብ እንደሌለ፣ ባዶ የተተወ ጥያቄ ግን በእርግጠኝነት ዜሮ እንደሆነ የነገራት ሰው የለም። እኔም አልነገርኳትም። ክረምቱን ሙሉ ፊዚክስ ሳስጠናት ነው የከረምኩት።

ኋላ ሪሜዲያል ደረሳት። አባቷ ግን፣ «ሩቅ አገር ሄደሽ እንደገና ፈተና፤ ካላለፍሽስ? በዚህ መንገድ፣ በዚህ ጊዜ?» አሉ። ሰውዬው ክፉ አይደሉም፤ ፈርተው ነው። 300 ብታመጣ ኖሮ ለዲግሪ እንደሚሸኟት አውቃለሁ። አሁን ቤት ናት። ይህን የምጽፈው እሷን እያሰብኩ ነው፤ የምጽፈውም ለእናንተ፣ ለጀመዓችን ነው።

የምለው አንድ ነገር ነው። በየቅዳሜው ለወንድምና እህቶቻችን የምንሰጠው ቲቶሪያል ጥሩ ሥራ ነው፤ ግን አንድ ትልቅ ነገር ጎድሎታል። ትምህርቱን እናስተምራለን፤ ፈተናውን ግን አናስተምርም። ፈተናው ምን ይዞ እንደሚመጣ፣ ስንት ሰዓት እንደሚሰጥ፣ በምን ቋንቋ እንደሚያናግር፣ ነጥቡ እንዴት እንደሚሰላ ሳናሳያቸው እንሸኛቸዋለን። እኛ ግን ገብተንበት ወጥተናል፤ እናውቀዋለን። የሚያውቁትን ለሚያስፈልገው አለማድረስ ደግሞ አማናን ማጉደል ነው።

ቁጥሮቹን እንያቸው

የ2014 ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ሲሰጥ ከ896 ሺህ በላይ ተማሪ ተፈትኖ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 29,909 ነበር፤ 3.3 በመቶ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ሆነ። በ2016 ወደ 5.4 ከፍ አለ። በ2017 ከ585 ሺህ በላይ ተፈትኖ ያለፈው 48,929፣ ማለትም 8.4 በመቶ ነው። መሻሻል አለ፤ አልሐምዱሊላህ። ግን አሁንም ከአሥሩ ዘጠኙ በላይ ይቀራል።

እኔ ራሴ ከ2014ቱ ተፈታኞች አንዱ ነኝ። ጥቅምት 2015 ላይ ፍራሽና ብርድ ልብሳችንን ይዘን ወደማናውቀው ግቢ ገባን። ያለፍኩትም በሪሜዲያል ነው። እዚያ ዶርም ውስጥ አብሮኝ የነበረ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ከፈተናው በፊት ስድስት ሞዴል ፈተና ሰዓት እየተያዘለት እንደሠራ ነገረኝ። እኔ አንድም አልሠራሁም። በእውቀት ብዙ አይበልጠኝም ነበር። እሱ ግን ወረቀቱን ሲቀበል ያውቀዋል፤ እኔ ወረቀቱን ያየሁት የዚያን ቀን ነው።

«ችግሩ ይህ ነው ወይ?» የሚለኝ ይኖራል። ትክክል ነው። የትምህርት ቤቶቻችን ችግር ከዚህ ይሰፋል። ጥቅምት 2014 ላይ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ሲያዙ ብዙ የወሎ ተፈታኞች ከሌላው የአገሪቱ ተማሪ ጋር መፈተን አልቻሉም፤ የተፈተኑት ዘግይተው በሁለተኛ ዙር ነው። ከዚያም በኋላ በክልላችን ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። መምህር የሌለው ክፍል አለ፤ መጽሐፍ ለሦስት የሚጋሩበት አለ። ቅርጹን ማወቅ ይህን ሁሉ አይተካም። ምንም ያልተማረን ልጅ አያሳልፍም።

ነገር ግን ፈተናው መስመር አለው፤ መስመሩም 300 ላይ ተሰምሯል። 291 እና 304 ያመጡ ሁለት ልጆች በእውቀት አይራራቁም፤ በሕይወት ግን ይራራቃሉ። ከመስመሩ በታች ለጥቂት ለቀሩት፣ የሰዓት አያያዝና ወረቀቱን የማወቅ ጉዳይ ትንሽ ነገር አይደለም። መምህር መቅጠር፣ ትምህርት ቤት መገንባት ከእኛ አቅም በላይ ነው። ይህኛው ግን በእጃችን ነው።

እንግሊዝኛ የፈተናው ነሕው ነው

ወሎ የደረሳ አገር ነው። ዳናን፣ ጌታን፣ ጀማ ንጉስን የማያውቅ የለም። በሐሪማው ወግ ደረሳ ነሕው ሳይቀራ ወደ ተፍሲር አይዘልም፤ ቋንቋውን ያልያዘ ሰው ኪታቡ ፊቱ ተዘርግቶም እንደተዘጋ ነው። ሸኾቹ ይህን ስለሚያውቁ መሣሪያውን ቀድመው ያስይዙ ነበር።

የ12ኛ ክፍል ፈተናም እንደዚያው ነው። ባዮሎጂውም፣ ሒሳቡም፣ ታሪኩም፣ ጂኦግራፊውም በእንግሊዝኛ ነው። ተማሪው መልሱን በአማርኛ ቢያውቀውም ጥያቄው ውስጥ ያለችውን አንዲት «ካልሆነ በስተቀር» የምትል ቃል ካልለየ ይስታል። እኛ ቲቶሪያል ላይ በአማርኛ አስረድተን፣ ልጁም ገብቶት፣ ተደስተን እንለያያለን። ፈተናው ላይ ግን ያ ማስረጃ በሌላ ቋንቋ ተጽፎ ይመጣበታል። ስለዚህ እያንዳንዱን ርዕስ በአማርኛ ካስረዳን በኋላ አምስት ጥያቄ በእንግሊዝኛ አቅርበን፣ ጥያቄውን ራሱን ቃል በቃል ማስነበብ አለብን። መልሱን ከመጠየቃችን በፊት፣ «ምን ተጠየቅክ? ምን ተጠየቅሽ?» እንበል።

ስለ ሰዓት

የቆዩ የፈተና ቡክሌቶችን ያየ ያውቃል። እንግሊዝኛ 120 ጥያቄ በሁለት ሰዓት ነበር፤ ለአንድ ጥያቄ አንድ ደቂቃ፣ ምንባቡን የማንበቢያው ጊዜ እዚያው ውስጥ ነው። ሒሳብ 65 ጥያቄ በሦስት ሰዓት፤ ለአንዱ ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። የጥያቄው ቁጥር በየዓመቱ ሊለዋወጥ ስለሚችል በፈተናው ቀን ሽፋኑ ላይ ያለውን መመሪያ ማንበብ ግድ ነው፤ ስሌቱ ግን አይለወጥም።

እያንዳንዱ ትምህርት ከመቶ ይሰላል። 120 ጥያቄ ባለበት እንግሊዝኛ አንድ ጥያቄ አንድ ነጥብ እንኳ አይሞላም፤ 65 ባለበት ሒሳብ ግን አንዷ ከአንድ ነጥብ ተኩል ትበልጣለች። የአክስቴን ልጅ ሃያ ጥያቄ በዚህ ስሌት ብንመለከተው፣ ሃያዎቹን ከአራት ምርጫ እንዲሁ ብታጠቁር በአማካይ አምስቱን ታገኛለች፤ አራት ነጥብ ገደማ ነው። ሰዓቷን ቆጥባ አንብባቸው አሥራ አንዱን ብትመልስ ግን ዘጠኟ ነጥብ ሞልታ ነበር። ያልፋት ፊዚክስ አይደለም፤ መጀመሪያ ላይ በአንዲት ከባድ ጥያቄ ላይ የቆመችባቸው ደቂቃዎች ናቸው።

ስለ መገመትም ግልጽ እንሁን። ያላወቁትን ጥያቄ ማጥቆር ማጭበርበር አይደለም፤ ፈተናው ራሱ የፈቀደው ነው። ማጭበርበር የሌላውን መልስ መውሰድ ነው። ሁለቱን ለይተን ካልነገርናቸው፣ አላህን የሚፈሩት ልጆች ናቸው የሚጎዱት።

አፕቲቲዩድ የሚባለው እንግዳ

ተማሪው «ሳት» የሚለው አፕቲቲዩድ ከስድስቱ ትምህርቶች አንዱ ነው፤ ከ600 መቶውን ይዟል። ናቹራልም ሶሻልም ይወስደዋል። ሆኖም ለብቻው መማሪያ መጽሐፍ ስለሌለው በብዙ ትምህርት ቤት አይነካም። እኛም አናስጠናውም፤ «የተፈጥሮ ነው» እንላለን።

አይደለም። አንዱ ክፍል የቃል ነው፤ የቃላት ዝምድና፣ ዓረፍተ ነገር ማሟላት፣ ከተሰጠ ሐሳብ ተነሥቶ ትክክለኛውን ድምዳሜ መለየት። ሌላው የቁጥር ነው፤ መቶኛ፣ ንጽጽር፣ ሠንጠረዥና ግራፍ ማንበብ። ምሳሌ ልስጥ። ኮምቦልቻ ያለ ነጋዴ የ1,000 ብር ዕቃ ላይ 20 በመቶ ጨመረ። ለዒድ ብሎ ከአዲሱ ዋጋ 20 በመቶ ቀነሰ። አሁን ዋጋው ስንት ነው? የሚቸኩል «1,000» ይላል። 1,200 ሆኖ ከዚያ 240 ሲቀነስ ግን 960 ነው። ለዚህ ፎርሙላ አያስፈልግም፤ ጥያቄውን ቀድሞ ማየት ግን ያስፈልጋል። አንዴ ያየ ልጅ ሁለተኛ አይሳሳትም። በጥቂት ሳምንት ልምምድ ብዙ ነጥብ የሚገኝበት ቦታ ይህ ሆኖ ሳለ የተውነውም ይህንኑ ነው።

የቆየ ምክር ጊዜው ያልፍበታል

ሌላው ችግር ምክራችን ነው። አባቶቻችን ማትሪክ ሲወስዱ ውጤቱ በፊደል ነበር። ከዚያ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና መጣ፤ ታላላቆቻችንም 12ኛ ላይ «11ኛና 12ኛን አጥና» ይባሉ ነበር። የ10ኛ ክፍል ፈተና ከ2012 ወዲህ ቀርቷል፤ የዛሬው ፈተና ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያለውን ይጠይቃል። የሥርዓተ ትምህርት መጽሐፉም ተቀይሯል። ሆኖም አሁንም «9ኛና 10ኛን ተወው» የሚል ታላቅ ወንድም አለ። በቅን ልቦና ነው የሚናገረው፤ ግን ልጁን ያስጥለዋል።

አሁን ደግሞ ኮምፒውተር መጥቷል። ከ2016 ጀምሮ የተወሰኑ ተማሪዎች በበይነ መረብ ይፈተናሉ፤ ቁጥራቸውም እያደገ ነው። ማውስ ነክቶ የማያውቅ የወረባቦ ወይም የቃሉ ገጠር ልጅ፣ ጥያቄውን ከመፍራቱ በፊት ስክሪኑን ይፈራል። ወደ ቀጣዩ ጥያቄ እንዴት እንደሚሄድ፣ ወደ ኋላ እንዴት እንደሚመለስ፣ ሰዓቱን የት እንደሚያይ ሲፈልግ ደቂቃው ይሄዳል። ከእኛ መካከል ላፕቶፕ ያለው ስንት ነው? አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።

ስለ «ወጣ» የሚባል ፈተና

በየዓመቱ ፈተናው ሲቃረብ ቴሌግራም ላይ «ፈተናው ወጣ፣ ብር ላክ» የሚል ይበዛል። ይህን በስማቸው እንጥራው፤ ሌብነት ነው፣ አብዛኛውም ውሸት ነው። ግንቦት 22 ቀን 2008 የእንግሊዝኛ ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ በመውጣቱ የመላው አገሪቱ ፈተና ተሰርዟል። የኮረጀውም ያልኮረጀውም እኩል ተቀጣ። እንደገና የተያዘው ቀን ደግሞ ከዒድ አልፈጥር ጋር ስለተጋጨ ቅሬታ ቀርቦ ወደ ሐምሌ ተሸጋገረ። ያኔ ቅሬታው በአግባቡ ሲቀርብ ተሰማ፤ ይህን ልብ እንበል። የጥቂቶች ሐራም የሺዎችን ድካም እንዳበላሸም ልብ እንበል።

ልጆቹ ወደ ቴሌግራሙ ሌባ የሚሄዱት ፈተናው ምስጢር ስለሚመስላቸው ነው። የፈተናው ቅርጽ ግን ምስጢር አይደለም። በግልጽ ያስተማርነው ልጅ የሚገዛው ነገር አይኖረውም። በአሜሪካ እንኳን፣ «ሳት» የሚለው ስም በመጣበት አገር፣ ገንዘብ ያለው አስጠኚ ቀጥሮ ድሃው እንዲሁ ይገባል የሚል ክርክር ስለነበረ የፈተናው አዘጋጅ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከካን አካዳሚ ጋር ሆኖ ልምምዱን በነፃ ለቋል። እኛ ያንን ያህል ማድረግ አንችልም፤ የመስጊድ አዳራሽና የቅዳሜ ጠዋት ግን አለን።

ምን እናድርግ?

የምጠይቀው ከባድ አይደለም። ካሉን ቅዳሜዎች አራቱን ለዚህ እንስጥ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ የፈተናው ካርታ ይሰጥ፤ ስድስቱ ትምህርቶች፣ የክፍል ደረጃው፣ የነጥቡ ስሌት፣ አጠቋቆሩ። በአማርኛ በአንድ ገጽ ተጽፎ ለወላጅም ይድረስ። የአክስቴ ባል ያንን ገጽ ቢያነቡ ኖሮ ሪሜዲያል ምን እንደሆነ ከጎረቤት ወሬ ባልሰሙ ነበር። በሁለተኛው እንግሊዝኛ ምንባብ በሰዓት እናስነብብ። በሦስተኛው አፕቲቲዩድ። በአራተኛው ሙሉ ሞዴል ፈተና፤ ግማሹ በወረቀት፣ ግማሹ በላፕቶፕ፣ ሰዓት ተይዞ፣ እንደ እውነተኛው ዝምታ ባለበት። ከዚያም ውጤቱን መናገር ብቻ ሳይሆን፣ «የት ቆምክ? የት ቸኮልሽ?» ብለን አብረናቸው እንቀመጥ።

ለእህቶች ከዐሱር በፊት የሚያልቅ ሰዓት ይያዝ፤ አስጠኚዎቹም ከአኸዋት መካከል ይሁኑ። ከዚህ በፊት ፕሮግራማችን ወደ መግሪብ እየተጎተተ ግማሾቹ ሳይጨርሱ ይሄዱ ነበር፤ ጥፋቱ የእነሱ አልነበረም። ገንዘብ አይጠየቅ። ጎረቤት ክርስቲያን ልጅ ቢመጣም በሩ ክፍት ይሁን፤ ወሎ ላይ ይህን ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ከፍተኛ ውጤት ያመጡትን ጋብዘን «እንዴት ተሳካልህ?» ማለታችን ይቀጥል፤ ልብ ያነሣሣል። ግን አንድ ቀን ደግሞ እንደ እኔ በሪሜዲያል የመጣነውን አስቀምጣችሁ «የት ተሳሳትክ?» በሉን። ለብዙኃኑ የሚጠቅመው የእኛ መልስ ይመስለኛል።

ተወኩል ማለት ሰበቡን አድርሶ ውጤቱን ለአላህ መተው ነው። እነዚያ ልጆች በቻሉት ሰበባቸውን አድርሰዋል፤ በክረምት አጥንተዋል፣ በጦርነት መካከል ተምረዋል፣ ዱዓ አድርገዋል። የቀረው ሰበብ በእኛ እጅ ነው።

የአክስቴ ልጅ ዘንድሮ በግል ልትፈተን አስባለች። አባቷም «ሞክሪ» ብለዋታል። ባለፈው ሳምንት ስደውልላት ሰዓት ይዛ ምንባብ እየሠራች ነበር። «ሃያውን በአሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ጨረስኩ» አለችኝ። ያቺን ቅዳሜ ለእሷ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም እናድርጋት።

አላህ ይወፍቀን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።